ከእናቴ መዝሙር ቀጥላ የዘፈነችው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ በርገር ሽትራሰ በሚባለው የፍራንክፈርት መንገድ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ወረፋ ይዤ፣ ተራዬ ሲደርስ፣ ከመደርደሪያው በላይ ከተቀመጠችው ትንሽ ሬዲዮ ያቺ ልጅ ድንገት ዘፈነች። ስሟን አልጠራላትም፤ በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ከእኔ ስም ይልቅ የእሷ ስም ሲጠራ ስለኖረ ድርሻዋን ጨርሳለች። ዳቦ ሻጯ ትከሻዋን ከሙዚቃው ጋር እየወዘወዘች ምን ልስጥሽ ስትለኝ፣ አርባ ዓመት ያለፈኝ የልጆች እናት፣ መልስ እንኳ ሳልሰጣት ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። ትኩሱ የዳቦ ሽታ በበሩ እየወጣ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ መንገደኛውን እያየሁ ጠበቅኩ፤ ሲያልቅ ተመልሼ ልግባ ብል ወረፋው እስከ መንገዱ ወጥቷል። ልጅነቴን ማስመረሯ አንሶ ዳቦዬንም አስቀረችብኝ።

እንግሊዛዊት ናት። በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አስቀምጣ ሸክላ ያስቀረጸች የለንደን ልጅ። ጉዱ ድምፅዋ ነው፤ ወፍራም፣ ድካም ያለበት፣ ሦስት ልጅ አስታቅፎ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ድምፅ። አባዬ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አዳሪ ተማሪ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህራቸው ቅዳሜ ከሰዓት ሸክላ እያጫወተ የዘፋኟን ዕድሜ ገምቱ ሲላቸው አንዱ ሠላሳ፣ ሌላው አርባ አለ፤ አባዬ ደግሞ ባሏ የሞተባት መሆን አለባት ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀ። መምህሩ የሸክላውን ልባስ አዙሮ ፎቶዋን ሲያሳያቸው ግን ፀጉሯን ወደ ላይ የቆለለች፣ ጉንጯ የሞላ፣ የእነሱው እኩያ ሆና ተገኘች። አባዬ ከዚያ ቀን ግርምት እስከ ዕለተ ሞቱ አልወጣም። እሱ በአልጀብራ በሚያለቅስበት ዕድሜ አንዲት ልጅ ያልኖረችውን ኀዘን እንዴት አድርጋ እንደዘፈነችው ለእንግዳ፣ ለጎረቤት፣ ለሐኪም፣ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣው ጀርመን ሳይቀር ያብራራ ነበር።

በዘጠናዎቹ የምንኖረው ቦከንሃይም በሚባል የፍራንክፈርት ሰፈር ውስጥ፣ ከላይፕሲገር ሽትራሰ ገባ ብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የእንጨት ወለሏ በረገጧት ቁጥር በምትንጫጫ ቤት ነበር። አባዬ ምህንድስና ሊማር መጥቶ፣ አገር ቤት አብዮቱ ሲፈነዳ መመለሻው ጠፍቶት፣ ምህንድስናውንም ሳይጨርስ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ የቀረ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ በቁጥር ሲደረድር የዋለ ሰው ቤቱ ሲገባ ያርፋል ብሎ የሚያስብ ካለ አባዬን አያውቀውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር ወደሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ እጄን ይዞ ይወስደኝና፣ ሌሎች ልጆች አይስክሬም ሲልሱ እኔ ካርቶን ውስጥ የታጨቀ፣ የሻጋታ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሸክላ ሳገላብጥ እውል ነበር። የምንፈልገው የእሷን ብቻ ነው። ቤት ያለንንም ብናገኝ እንገዛዋለን፤ ያኛው እንግሊዝ አገር የታተመ ነዋ፣ ይኼኛው ግን ጀርመን፤ ወይም ያኛው በድሮው አሠራር የተቀዳ ነው፣ ይኼኛው በስቴሪዮ። ከሁሉ የባሰው ያንኑ ዘፈን ለጀርመኖች ብላ በጀርመንኛ የዘፈነችው ነበር። ቃሉን አስጠንተዋት እንደዘፈነችው ለማንም ግልጽ ነው። አባዬ ግን ሃያ ዓመት ጀርመን አገር ኖሮም ከዳቦ ሻጭ ጋር በእጁ እየጠቆመ የሚግባባ ሰውዬ፣ አነጋገሯን በየመስመሩ እያቆመ ያርማት ነበር።

ይህም ባልከፋ። ሸክላ በተጫወተ ቁጥር ያልቃል ብሎ ስለሚፈራ ያለውን ሁሉ ካሴት ላይ ይቀዳል፤ የሚቀዳው ደግሞ እሁድ ጠዋት ነው። ወለሉ እንጨት በመሆኑ አንድ ሰው ከተራመደ የሸክላው መርፌ ይዘላል። ስለዚህ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ እማዬ ድስቱን እንደያዘች ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ እኔ አንድ እግሬን ካልሲ ውስጥ ከትቼ ሌላውን ሳልከት አልጋዬ ጠርዝ ላይ፣ ደርቀን እንቀራለን። ማስነጠስ የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ዘፈኑ ሲያልቅ እጁን ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ሁለት ሁለት እርምጃ ሄደን እንደገና እንቆማለን። እኔ ናላዬ እየዞረ በጀርመንኛ ሳጉረመርም በዓይኑ ይቆጣኛል። ቀድቶ ሲጨርስ፣ ማንም ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በቢላ ጫፍ ይነቅልና፣ ቁጥር ጽፎበት ሣጥኑ ውስጥ ይደረድረዋል። የተነቀለው ቦታ ላይ ፕላስተር ከተለጠፈ ካሴቱ እንደገና እንደሚቀዳ ግን ያን ጊዜ የማያውቅ ልጅ ፍራንክፈርት ውስጥ አልነበረም።

እማዬ ጻይል በሚባለው የገበያ መንገድ ላይ ያለ ትልቅ መደብር ሳይከፈት ገብታ የምታጸዳ፣ ጀርመኖቹ ሠራተኞች ሲገቡ በጓሮ በር የምትወጣ ሴት ነበረች። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ጌታን ተቀበለችና፣ ቦርንሃይም ሰፈር ውስጥ የጀርመኖችን አዳራሽ ተከራይቶ እሁድ ከሰዓት ከሚሰበሰበው የሐበሾች ጉባኤ ገባች። አባዬ እምነትሽ ነው፣ የኔን ሸክላ ግን አትንኪ አላት። እሷም ዘፈኑ የዓለም ነው፣ እኔ ግን ያገባሁት አንተን ነው ብላ ተወችው። በዚህ ስምምነት ሰላም ይሆናል ብለው ሁለቱም ማመናቸው አሁን ሳስበው ያናድደኛል። እማዬ መዝሙር ስታጠና አባዬ ሸክላ እየሰማ ከሆነ፣ ማለትም ሁልጊዜ፣ ምድር ቤት ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትወርድ ነበር። ማሽኑ እየጮኸ፣ የሳሙናው እንፋሎት መስኮቱን እያላበው፣ እሷ የሰው አንሶላ እያጠፈች ትዘምራለች። የሁለተኛ ፎቋ ጀርመናዊት አሮጊት ልብሷ ከታጠበ በኋላም አትወጣም ነበር፤ ቅርጫቷን ደፍታ ትቀመጥበትና ዓይኗን ጨፍና ትሰማታለች። እኔም ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሰምቻታለሁ፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ከፍ ሲል ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

አሥራ ሁለት ዓመቴን በያዝኩበት ዓመት የጉባኤው ኳየር ካሴት ሊያወጣ ተነሳ፤ ቁጥር አንድ። አንዲት ማይክሮፎን አዳራሹ መሐል ተተክላ፣ አንድ ወንድም ኦርጋኑን እየመታ፣ የአዳራሹ ጠባቂ ጀርመን ሰዓታችሁ አልቋል እያለ ቁልፉን በር ላይ እያንቀጫቀጨ ተቀዳ። የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለውን መዝሙር እማዬ ብቻዋን እንድትዘምር ተመረጠች። እማዬ በዚያ አገር ለራሷ አንድም ነገር ስትፈልግ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ይህን ግን ፈለገችው። በየቦታው የምታጸዳዋ ሴትዮ ከመባል ሌላ መታወቂያ የሚሆናት ነገር አገኘች መሰለኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ደረጃውን በሩጫ ነበር የምትወጣው።

ለበዓለ ኀምሳ ጉባኤ ከሌላ ከተማ ለሚመጡ እንግዶች ሠላሳ ካሴት መባዛት ነበረበት። ካሴት በካሴት የሚቀዳ ባለ ሁለት አፍ ቴፕ ያለው አባዬ ነው። አባዬ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም ቁልፉን እንዳይነካ ብሎ ፈቀደ። እኔ እንግዲህ የጉባኤው ቴክኒሻን ሆንኩ። ጉባኤው ሠላሳ ባዶ ካሴት በካርቶን ላከልኝ። እማዬ ጀመርሽ ወይ ስትለኝ ግላይሽ፣ አሁን፣ እላታለሁ፤ እሷ ዞር ስትል ግን በሬዲዮ የሳምንቱን ምርጥ ዘፈኖች ስድስቱ ላይ ቀድቼ ለክፍል ጓደኞቼ አደልኩ። በትምህርት ቤት ታሪኬ ለአንድ ሳምንት የተወደድኩት ያኔ ብቻ ነው። ጉባኤው ሁለት ቀን ሲቀረው ሃያ አራቱን ቀድቼ ስጨርስ ስድስት ጎደለኝ። ቀልቤ ተገፈፈ። ዓይኔ የአባዬ ሣጥን ላይ አረፈ፤ ያው ዘፈን፣ ያው ልጅ፣ ሦስት አራት ጊዜ የተደጋገመ፣ ማን ይቆጥረዋል አልኩ። ስድስት ካሴት አነሳሁ፣ ቁጥሩን በወረቀት ሸፈንኩ፣ የተነቀሉት ጥርሶች ቦታ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ መዝሙሩን ቀዳሁ። መዝሙሩ ከአባዬ ካሴት ገጽ ያጥራል። ቀሪውን ደግሞ በዝምታ ለመሸፈን ሃያ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነበረብኝ፤ ቴሌቪዥን ላይ የምወደው ነገር ሊጀምር ስለነበር አልጠበቅኩም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ አዳራሹ በእንግዳ ሞልቶ ምሳ እየተበላ፣ የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ታደለ እንግዶቹ እየበሉ ይስሙት ብለው አንዱን ካሴት ለአዳራሹ ጠባቂ ሰጡት። ያ ጀርመን ነገር መዝጋት ይወዳል። ቴፑ የሚቀመጠው ባለ መስታወት ቁምሣጥን ውስጥ ነበርና፣ ካሴቱን አስጀምሮ፣ ልጆች እንዳይነካኩት ቁምሣጥኑን ቆልፎ፣ ቁልፉን ይዞ ምሳውን ሊበላ ቤቱ ሄደ። መዝሙሮቹ ተራ በተራ ሄዱ። የእማዬ ሲጀምር የማንኪያው ድምፅ ቀስ በቀስ ጠፋ። ከኮሎኝ የመጡ አንዲት እናት እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ እማዬ አንገቷን ደፍታ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ታፍተለትላለች፣ ጆሮዋ ቀልቷል። አለቀ። አሜን ተባለ። ትንሽ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ጥሩምባው፣ ከበሮው፣ አጃቢዎቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ ልጅ፣ ያንን ወፍራም ድምፅዋን ይዛ፣ ስለ አንድ ጥሏት ስለሄደ ወንድ አዳራሹን ሞላችው።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም፤ እንዲያውም አንድ እንግዳ የእንግሊዝኛ መዝሙርም አላችሁ ማለት ነው ብሎ አመስግኗል። ጋሽ ታደለ ተነስተው ወደ ቁምሣጥኑ ሲሄዱ ተቆልፏል። መስታወቱን ቢገፉት፣ ቢስቡት እምቢ አለ። ሦስት ወንድሞች ጠባቂውን ፍለጋ ሲሮጡ፣ አንዱ የመብራቱን ማጥፊያ ቢያጠፋው አምፖሎቹ ጠፉ እንጂ ቴፑ አልጠፋም። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ እማዬ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም፤ ቀና ብላ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ሰማቻት። እኔ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ እያልኩ ጠረጴዛው ሥር የጫማዬን ማሰሪያ ሃያ ጊዜ ፈትቼ አሰርኩ።

ቤት እንደገባን እማዬ ኮቷን ሳታወልቅ አባዬ ፊት ቆመች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው ወይ ብላ በለሆሳስ ጠየቀችው፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። አባዬ ነገሩ አልገባውም። ቀስ ብሎ ዞሮ ሣጥኑን አየ፣ ክፍተቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አፌን ልከፍት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልከፍት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ።

ከዚያ ወዲያ እማዬ አልጋዋን ትታ እኔ ክፍል ፍራሽ አንጥፋ ትተኛ ጀመር። አባዬ የጠፉትን ስድስት ካሴቶች በስም አንስቶብኝ አያውቅም፤ በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ቁጭ ብሎ እንደገና ቀዳቸው፣ እኛም እንደገና ደርቀን ቆምንለት። ጋሽ ታደለ እቤት ድረስ መጥተው፣ እህቴ፣ እንግዲህ ጸልየንበታል፣ ለጊዜው ከኳየሩ ብታርፊ ይሻላል አሏት። ካሴቶቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። የትኛው የዓለም ዘፈን እንዳለበት የሚያውቅ ስላልነበረ ሠላሳውም፣ ዋናው ቅጂ ሳይቀር፣ ስብከት እንዲቀዳባቸው ተወሰነ። ሃያ አራቱ ንጹሕ መሆናቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ካወጣሁ ግን ስድስቱ ባዶ ካሴቶች የት ሄዱ የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ስለዚህ ስብከቱንም የቀዳሁት ራሴው ነኝ፣ በዚያው በአባዬ ቴፕ፣ በእማዬ ድምፅ ላይ። በዚህኛው ጊዜ ገጹ እስኪያልቅ ጠብቄያለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ኳየሩ ተመለሺ አላት። አልተመለሰችም። እስከ ዛሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ከሰው ጋር አብራ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ አጠገቧ ተቀምጬ ጆሮዬን አስጠግቼ አውቃለሁ፣ ድምፅ አይወጣትም። ከአባዬ ጋር በኋላ ታርቀዋል፣ ማለትም ጨው አቀብለኝ እስከመባባል ደርሰው በዚያው ኖሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኔ ጥፋት ያቺ ሴት ድምፅዋን አጣች፣ ያ ሰውዬም ሚስቱን ከፊል አጣ እያልኩ ራሴን በላሁ። አባዬ ባለፈው ዓመት ሲሞትም የሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ቆሜ አልተናገርኩም፤ ሰውዬው የነርሷን እጅ ይዞ ስለዚያች ልጅ ዕድሜ እያብራራላት ነበርና ቀዳዳ አላገኘሁም።

ዳቦ ቤት በር ላይ ቆሜ ግን ነገሩ ደም ስሬን ገተረው። ዳቦውንም ትቼ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በኡ-ባን፣ ቦከንሃይም ሄድኩ። እማዬ ከፊቷ የመድኃኒት ሣጥኗን ከፍታ የሳምንቱን ኪኒን በየቀኑ እየለየች ነበር። ኮቴን ሳላወልቅ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስድስቱን ካሴት፣ ፕላስተሩን፣ ቴሌቪዥኑን። ኪኒኑን መለየቷን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች። «አባትሽ ኩላሊትህን ብለው ይሰጠኝ ነበር። ከዚያ ሣጥን ስድስት ካሴት አንስቶ ለጉባኤ ያድላል ብለሽ ነው?»

አንጀቴ እያረረ፣ ታዲያ ለምን ያን ሁሉ ዓመት አኮረፍሽው አልኳት። እሱን ማኩረፍ ለምጄዋለሁ፣ አንቺን አኩርፌ የት እደርሳለሁ አለችኝ። እሱስ ልጄን አድናለሁ ብሎ ውሸቱን ሲታቀፍ ጥሩ አባት መሆን አምሮት አይደል፣ ምን ብዬ እነጥቀዋለሁ አለች። ሦስት ሰዎች አንድ እውነት አውቀን፣ በአንዲት የምትንጫጫ ቤት ውስጥ፣ ሦስታችንም እንደማናውቅ ሆነን ኖርን ማለት ነው። ኳየሩንስ ለምን ተውሽው፣ እነሱ እንደሆኑ ጠርተውሻል አልኳት። ይህን ስጠይቃት እጇ ኪኒኑ ላይ ቆመ።

«ያን ቀን ሁለታችንንም አከታትዬ ሰማኋ» አለች። «መጀመሪያ እኔን። ከዚያ እሷን፣ እስከ መጨረሻዋ። እኔ አርባ ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ አራት። አባትሽ ስለ እሷ ድምፅ እውነቱን ነው ያለው።»

የምመልሰው አላጣሁም፤ ቱግ ብዬ ብዙ አወራሁ። እሷ በስቱዲዮ፣ በሃያ ሙዚቀኛ፣ በስንት ባለሙያ የተቀዳች ናት፤ አንቺ በሚንቀጫቀጭ ቁልፍ መሐል፣ በአንዲት ማይክሮፎን። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ማንኪያ ያስቀመጡት ለአንቺ ነው እንጂ ለእሷ አይደለም። ያቺ ጀርመናዊት ከቅርጫቷ አልነሳም ያለችው ለማን ነው? እማዬ እንደ ልጅ ወሬ እየሰማችኝ ራሷን ነቀነቀች፤ የማክሰኞውን ኪኒን የረቡዕ ቦታ አስቀምጣ ኖሮ አወጣችው። የዚያች ልጅ ቀረጻ ዛሬ አንድም ሳይቀር፣ የጀርመንኛው ሳይቀር፣ ተጠርጎ ተወልውሎ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ፈለግሁም አልፈለግሁም ዳቦ ቤት ድረስ ይከተለኛል። እማዬን ተሳስተሻል ብዬ ለማሳየት የሚያስፈልገኝ አንድ ካሴት ብቻ ነበር። ሃያ አራቱ እጄ ላይ ነበሩ፤ አንድ በአንድ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።